ሁለት ሲም፣ አንድ ዕገዳ፦ የካቲት 2015 በድሬዳዋ

የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ታገዱ፤ ዕገዳውም እስከ ሐምሌ፣ አምስት ወር ያህል ቆየ። ይህ የጉዳይ ጥናት ያንን ጊዜ ከድሬዳዋ ሆኖ ይመለከታል። ድሬዳዋ የተመረጠችው ጸሐፊው ስለሚኖርባት ብቻ አይደለም፤ በሀገሪቱ የመጀመሪያው የግል የቴሌኮም ኩባንያ አገልግሎት የጀመረው እዚህ በመሆኑ፣ ዕገዳው ሲመጣ ከሌላው የኢትዮጵያ ከተማ ሁሉ ቀድሞ በሁለት ኦፕሬተር መካከል ማማረጥ የለመደው የዚህ ከተማ ሰው ነበር። «የውጭ ኩባንያ ቢገባ፣ ውድድር ቢኖር፣ ኢንተርኔት እንዲህ እንደተፈለገ አይዘጋም» የሚለው የብዙዎቻችን ግምትም መጀመሪያ የተፈተነው እዚህ ነው ማለት ይቻላል።

በዕገዳ ዙሪያ የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠነጥነው በመናገር ነፃነትና በኢኮኖሚ ኪሳራ ላይ ሲሆን፣ ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ከዚያ ያነሰ የሚነገረው ግን ዕገዳው ሰዎች በግል የያዙትን መረጃ ወዴት እንደሚገፋው ነው። በድሬዳዋ የታየው ነገር፣ የመንግሥትን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚፈጽም ኩባንያ ደንበኛውን አንድ አገልግሎት ብቻ እንዳልከለከለው፣ የደንበኛውን ግላዊነትም በሁለት አቅጣጫ እንዳጋለጠው ያሳያል፦ በአንድ በኩል ለአጋጁ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ዕገዳውን ለመሻገር ለተጠጋቸው ማንነታቸው ለማይታወቅ ሰዎች።

አስቀድሞ የሁለቱን ሲም ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። የምሥራቁ ክፍል ከስልክ ጋር ያለው ትውውቅ አሮጌ ነው፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መስመር ለሀገሪቱ የቴሌኮም ታሪክ እንደ መነሻ ይቆጠራል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ስልክ ማለት በመንግሥት እጅ ያለ አንድ ድርጅት ማለት ነበር። በ2011 የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ዘርፉን ለሌሎች ከፈተ፤ ሳፋሪኮም፣ ቮዳኮም፣ ቮዳፎን፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞና የእንግሊዝ መንግሥት የልማት ፋይናንስ ተቋም የተጣመሩበት ቡድን በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ገዛ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ነሐሴ 23 ቀን 2014 በድሬዳዋ ለሙከራ ሥራ ጀመረ። አዲስ አበባ የደረሰው ከዚያ በኋላ በመስከረም 2015 ነው። በከዚራና በሳቢያን መንገዶች ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ሲም የሚሸጡ ወጣቶች በዙ፤ በ07 የሚጀምር ቁጥር መያዝም ለጥቂት ወራት የዘመናዊነት ምልክት ሆነ። ብዙው ሰው ግን የ09ን ቁጥሩን አልጣለም፤ ባለ ሁለት ሲም ስልኩ ላይ አዲሱን ጨመረበት እንጂ። አንደኛው ሲደክም ወደ ሌላው መቀየር የከተማው ልማድ ሆነ።

በጥር 2015 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከባድ ችግር ውስጥ ገባች። ጥር 14 ቀን በወሊሶ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጪ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ፤ ሲኖዶሱ አወገዛቸው፤ ውጥረቱ እየተካረረ ሄዶ ለየካቲት 5 አገር አቀፍ ሰልፍ ተጠራ። ዕገዳው የወረደው ከሰልፉ ሦስት ቀን ቀድሞ ነው። የኢንተርኔት መቋረጥን የሚከታተለው ኔትብሎክስ ገደቡን በዚያው ዕለት አረጋግጧል። ሰልፉ ከመድረሱ በፊት በንግግር ቀረ። ዕገዳው ግን አልቀረም፤ ሰበቡ ካለፈ በኋላም ወራትን ተሻገረ። ይህንን አጥብቄ የማነሣው፣ እንዲህ ያለ እርምጃ በተለምዶ «ለአስቸኳይ ጊዜ» ተብሎ የሚታለፍ ስለሆነና አስቸኳዩ ጊዜ ማብቃቱን የሚወስነውም ያዘዘው አካል ብቻ ስለሆነ ነው።

የዚህ አካባቢ ሰው ከዚያ በፊትም የኢንተርኔት መጥፋትን ያውቃል። በሐምሌ 2010 መጨረሻ በጅግጅጋ ግጭት ሲነሣ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ደግሞ አገሪቱ በሙሉ ከሦስት ሳምንት በላይ ያለ ኢንተርኔት ቆይታለች። እነዚያ ግን ጭርሱን መዝጋት ነበሩ። መስመሩ ሲቆረጥ ሁሉም ነገር አብሮ ይሞታል፤ ጉዳቱ የከፋ ቢሆንም ለማምለጥ የሚደረግ ሩጫ የለም፤ መሮጫው መንገድም የለምና። የየካቲቱ ዕገዳ ከዚህ ይለያል። ጎግል ይፈልጋል፣ ኢሜይል ይሄዳል፣ የባንክ አፕ ይሠራል፤ የማይሠሩት የተመረጡት ብቻ ናቸው። የግላዊነት ጣጣ የሚመጣው ከዚህ መምረጥ ነው።

አንድን አገልግሎት ለይቶ ለማገድ፣ አጋጁ እያንዳንዱ ስልክ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ማየት አለበት። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን በኬላ ሊረዳው ይችላል፦ ኮንትሮባንድ የጫነውን አንድ መኪና ለመያዝ ፈታሹ ያልጫነውንም ሁሉ ማስቆም ይኖርበታል። ስልካችን ከአንድ አገልግሎት ጋር ሲገናኝ የምንጽፈውና የምንልከው በአብዛኛው የተመሰጠረ ስለሆነ ኦፕሬተሩ ይዘቱን አያነብም። ነገር ግን ግንኙነቱ ገና ሲከፈት ስልኩ ሊደርስበት የሚፈልገውን ድረ ገጽ ስም፣ ከምስጠራው በፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ ይልካል፤ የአድራሻ ቁጥሩም ይታያል። የማገጃው መሣሪያ ይህንን ስም ወይም ቁጥር ያነብና በዝርዝሩ ላይ ካገኘው ግንኙነቱን ይጥለዋል። በስልኩ መስታወት ላይ የምናየው ክብ ነገር የሚዞረው ያኔ ነው።

ማየት መመዝገብ ማለት አይደለም፤ ይህ በትክክል መነገር አለበት። ሆኖም የሚያየው መሣሪያ የመመዝገብ አቅምም አለው፤ በሀገራችን ደግሞ ያ አቅም በስም ላይ ያርፋል፤ ምክንያቱም ሲም ካርድ የሚወጣው በመታወቂያና በፎቶ ነው። ስለዚህ «አንድ ስልክ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ይህን አገልግሎት ለመክፈት ሞከረ» የሚለው መስመር ከአንድ ሰው ስም፣ ፊትና ስልኩ ከያዘው ማማ አካባቢ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ስለ አቅሙ መኖር የተጻፈም አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ባወጣው ሪፖርት፣ የቻይናው ዜድቲኢ ለኢትዮ ቴሌኮም የሠራው የደንበኞች አስተዳደር ሥርዓት የጸጥታ ሠራተኞች የደንበኞችን የጥሪ መዝገብ በቀላሉ እንዲያገኙ ያስችል እንደነበር ገልጿል። አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ዕገዳን የሚለካው ኡኒ የተባለ ፕሮጀክት ደግሞ በታኅሣሥ 2009 ባወጡት ጥናት፣ በወቅቱ ለተደረገው የማኅበራዊ ሚዲያ ዕገዳ የግንኙነትን ይዘት ጠልቆ የሚመረምር ቴክኖሎጂ በሀገሪቱ ኔትወርክ ውስጥ እንዳለ የሚያሳይ ማስረጃ አቅርበዋል። እነዚህ ከሁለተኛው ኦፕሬተር መምጣት በፊት የተጻፉ ናቸው። ቁም ነገሩ ማገድና መከታተል በአንድ ዓይነት መሣሪያ የሚሠሩ መሆናቸው ነው፤ ለአንዱ የተገዛው ለሌላውም ይሆናል።

አሁን ወደ ከተማው። ታይዋን በሚባለው ገበያ የሴቶች ልብስ፣ ሻሽና ሽቶ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ አለች፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ ስሟንና የሱቋን ቦታ አልጽፍም። ሱቋ ጠባብ ነው፤ ሽያጯ በአብዛኛው በቴሌግራም ቻናሏ ነበር። አዲስ ዕቃ ሲገባ ፎቶ ትለጥፋለች፤ ደንበኛ በውስጥ ትጽፍላታለች፤ ዋጋ ይነጋገራሉ፤ ለከተማው በባጃጅ፣ ለሐረርና ለጅግጅጋ በሚኒባስ ሹፌር ይላካል። በእነዚያ የውስጥ መልእክቶች ውስጥ ያለውን ነገር ልብ ማለት ያሻል፦ የቤት አቅጣጫ፣ ስልክ ቁጥር፣ የባንክ ዝውውር ደረሰኝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልኩ ይሆናት እንደሆነ ለማየት ሴቶች ቤታቸው ውስጥ ለብሰው የተነሡት ፎቶ። ይህን የሚልኩላት እሷን ስለሚያምኑ ነው፤ ብዙዎቹ ለባላቸው እንኳ የማያሳዩት ሒሳብ እዚያ ውስጥ አለ።

የካቲት 2 ማታ ቻናሏ አልከፈት ሲላት መጀመሪያ የገመተችው ፓኬጇ እንዳለቀ ነው። ሞላች። ወደ ሁለተኛው ሲም ቀየረች፤ ያው ነው። በዚያም ሞላች። ምን እንደሆነ የሚነግራት መልእክት ስላልመጣ የተረዳችው በማግስቱ ጠዋት ከጎረቤት ሱቅ ነው። ከዚያ የሆነው በከተማው ሁሉ የሆነው ነው፤ ሰው ወደ ሞባይል ጥገና ቤት ጎረፈ፤ «ቪፒኤን ጫንልኝ» የዕለት ተዕለት ቃል ሆነ፤ ቪፒኤን ግንኙነትን በሌላ ሰው ሰርቨር በኩል አዙሮ ዕገዳን የሚያሳልፍ አፕ ነው፤ ጥገና ቤቱም በጥቂት ብር ይጭናል።

አንድ ቀን እዚያ ቆሜ አሠራሩን ተመልክቻለሁ። ልጁ የእያንዳንዱን ደንበኛ ስልክ ተቀብሎ አፑን ከራሱ ስልክ ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያስተላልፈው ዜንደር ያሻግራል፤ ከፕሌይ ስቶር ማውረድ ዳታና ጊዜ ይበላልና። ስልኩ ከማይታወቅ ምንጭ የመጣ አፕ መሆኑን ሲያስጠነቅቅ «ፍቀድ»ን ይነካል። አፑ ሲከፈት ደግሞ አንድሮይድ ሌላ መስኮት ያወጣል፤ ይህ መተግበሪያ የኔትወርክ ግንኙነትህን በሙሉ መከታተል የሚያስችለውን መስመር ሊዘረጋ ነው፣ የምታምነው ካልሆነ አትቀበል ይላል፤ በእንግሊዝኛ። ልጁ ሳያየው «እሺ»ን ይነካል፤ ከላይ ትንሿ የቁልፍ ምልክት ትወጣለች፤ ስልኩን ይመልሳል። ከስልኩ ባለቤቶች አንድም ያነበበ አላየሁም፤ ልጁም ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረፋው ረጅም ነበር።

ያ መስኮት የሚናገረው እውነት ነው። ቪፒኤን ማለት እምነትን ከኦፕሬተሩ አንሥቶ ለሌላ ሰው መስጠት ማለት ነው፤ ቀድሞ ኦፕሬተሩ ያይ የነበረውን አሁን የቪፒኤኑ ባለቤት ያያል። ነፃ ከሚባሉት ውስጥ በእርግጥ የሚታመኑ አሉ፤ በ2008 ማኅበራዊ ሚዲያ በታገደ ጊዜም እዚህ የታወቁት ሳይፎንን የመሳሰሉት ሥራቸው ይህ ነው። ሌሎቹ ግን ወጪያቸውን ከአንድ ቦታ ማግኘት አለባቸው። 283 የአንድሮይድ ቪፒኤን አፖችን የፈተሸ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ከመቶ 75ቱ የሌላ ወገን መከታተያ የያዙ፣ ከመቶ 38ቱ በጎጂ ሶፍትዌርነት የተጠረጠረ ኮድ ያለባቸው፣ ከመቶ 18ቱ ደግሞ ጭራሽ የማይመሰጥሩ ሆነው አግኝቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ደግሞ «ምንም መዝገብ አንይዝም» ብለው ራሳቸውን ያስተዋወቁ፣ መሠረታቸው ሆንግ ኮንግ የሆነ ሰባት ነፃ ቪፒኤኖች ከ1 ቴራባይት በላይ የደንበኛ መረጃ በአንድ ክፍት ሰርቨር ላይ ጥለው ተገኝተዋል። ፌስቡክ ራሱ እንኳ ኦናቮ የሚባለውን ቪፒኤን ገዝቶ ሰዎች በስልካቸው ላይ የትኞቹን ሌሎች አፖች እንደሚጠቀሙ ለማጥናት ተጠቅሞበት ነበር።

ነጋዴዋ ለጥቂት ሳምንት በቪፒኤን ሠራች። ዳታ ይበላል፤ ይቆራረጣል፤ የባንክ አፑም ቪፒኤን ሲበራ አንዳንዴ ይናደድባታል። በዚህ ስትሰለች የጥገና ቤቱ ልጅ ሌላ መፍትሔ አቀረበላት፦ «አቦ እህቴ፣ ይኼን ልጫንልሽ፤ ይኼኛው ቪፒኤንም አያስፈልገው፣ ራሱ ይከፍታል።» የሰጣት ቴሌግራምን የሚመስል፣ ግን በሌሎች ሰዎች ተቀይሮ የተሠራ አፕ ነው። ስልክ ቁጥሯን አስገባች፤ በመልእክት የመጣውን ኮድ አስገባች፤ ቻናሏ ተከፈተ። ሠራ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን አባል ሳትሆን አባል የሆነችባቸው ቻናሎች መታየት ጀመሩ፤ ከዚያም ደንበኞቿ የውርርድ ማስታወቂያ በእሷ ስም እንደደረሳቸው ነገሯት። አንዷ «ፎቶዬስ?» ብላ ጠየቀቻት። ነጋዴዋ መልስ አልነበራትም፤ ሊኖራትም አይችልም፤ እንዲህ ያለ አፕ አንዴ ኮዱን ከተቀበለ በኋላ የቆየውን ውይይት በሙሉ ማንበብ ይችላልና።

ይህ የድሬዳዋ ብቻ ታሪክ አይደለም። ኢራን እ.ኤ.አ. በ2018 ቴሌግራምን ስታግድ ሕዝቡ ሆትግራምና ቴሌግራም ታላኢ ወደሚባሉ ተቀይረው ወደተሠሩ አፖች ጎረፈ፤ በ2020 ከእንዲህ ዓይነት አፕ የወጣ የ42 ሚሊዮን ሰዎች የቴሌግራም መለያና ስልክ ቁጥር በይፋ ተጥሎ ተገኘ። ቴሌግራም ራሱ አልተሰበረም። የተሰበረው ዕገዳው ሰዎችን የገፋበት ቦታ ነው።

እንግዲህ የኩባንያዎቹ ድርሻ ምንድን ነው? ዕገዳው የወረደው በሁለቱም መስመር ላይ ነው፤ ነጋዴዋ ከአንዱ ሲም ወደ ሌላው ስትቀይር ያገኘችው ያንኑ የሚዞር ክብ ነበር። አንዱ የመንግሥት ድርጅት ነው፤ የሌላው ባለቤቶች በለንደን፣ በጆሃንስበርግ፣ በናይሮቢና በቶኪዮ የሚገኙ ናቸው፤ ውጤቱ ግን አንድ ሆነ። ይህ የሚያስገርመው የቴሌኮምን ሥራ ከሌላ ንግድ ጋር ያመሳሰለን ሰው ነው። ቴሌኮም የሚኖረው በፈቃድ ነው፤ ማማው መሬት ላይ ነው፤ ሠራተኛው ሀገር ውስጥ ነው፤ 850 ሚሊዮን ዶላር የከፈለ ኩባንያ ትእዛዝ አልቀበልም ብሎ ሊወጣ የሚችልበት በር ጠባብ ነው። የኩባንያው ባለቤት መቀየሩ የሚያስገኘው ነገር አለ፤ ዋጋ ይወርዳል፣ ጥራት ይሻሻላል። ከትእዛዝ ግን አያስጥልም።

ቮዳፎን ይህን ከኛ በፊት አይቶታል። በጥር 2011 እ.ኤ.አ. ግብፅ ኢንተርኔትና ሞባይልን ስትዘጋ ቮዳፎን ትእዛዙ በግብፅ ሕግ መሠረት የመጣ ስለሆነ መፈጸም ግዴታው እንደነበረ ገለጸ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2014 እ.ኤ.አ. በሚሠራባቸው 29 አገሮች ከመንግሥታት ስለሚመጡ ጥያቄዎች ዝርዝር ሪፖርት ሲያወጣ፣ በአንዳንዶቹ አገሮች ባለሥልጣናት ኩባንያውን ሳይጠይቁ ወደ ኔትወርኩ በቀጥታ የሚገቡበት መስመር እንዳላቸው ተናገረ። የትኞቹ እንደሆኑ አልጠቀሰም፤ ሠራተኞቹ ላይ ችግር እንዳይመጣ።

ከሁሉም ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው ግን የኖርዌዩ ቴሌኖር በምያንማር ያደረገው ይመስለኛል። በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ወታደሩ ሥልጣን ሲይዝ ቴሌኖር ፌስቡክን አግድ የሚል ትእዛዝ ደረሰው። አገደ። ነገር ግን ትእዛዙ ከየትኛው መሥሪያ ቤት፣ መቼና በየትኛው አንቀጽ እንደመጣ በድረ ገጹ ላይ ያወጣ ነበር፤ አብሮም ትእዛዙ ተመጣጣኝ ነው ብሎ እንደማያምን ይጽፋል። ይህን ማድረግ ያቆመው በዚያው ወር አጋማሽ ላይ፣ ከዚህ በኋላ ማውጣት እንደማይችል በገለጸ ጊዜ ነው። ያ ዝምታ ራሱ ዜና ሆነ። ከዚያ የጠለፋ መሣሪያ የማስገባት ግፊት ሲበረታ በሐምሌ ድርጅቱን በ105 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ መውጣቱን አስታወቀ፤ እዚህ ላይ ደግሞ የ18 ሚሊዮን ያህል ደንበኛ መረጃ አብሮ ተሸጠ የሚል ወቀሳ ገጠመው። ወቀሳው ትክክል ነበር። መቆየትም መውጣትም የደንበኛን መረጃ ዋጋ የሚያስከፍልበት ሁኔታ እንዳለ ከቴሌኖር ይታያል።

ኩባንያዎቹ ዕገዳውን እምቢ ይበሉ የሚል ጥያቄ የለኝም፤ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም፤ ቢሉም ምናልባት የሚዘጋው ኩባንያው ነው። ጥያቄዬ ስለ ዝምታው ነው። የፓኬጅ ማስታወቂያ በቀን ብዙ ጊዜ የሚልክ ኦፕሬተር «ይህ አገልግሎት በመንግሥት ትእዛዝ ተገድቧል፣ የእርስዎ ፓኬጅ አላለቀም» የሚል አንድ መስመር ለመላክ የቴክኒክ እንቅፋት የለበትም። ነጋዴዋ በሁለት ሲም ካርድ አትሞላም ነበር። ይህ ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ፣ ሰው የታገደው በምን እንደሆነ ሲያውቅ ለማለፍ የሚመርጠውንም በጥንቃቄ ይመርጣል፤ ሳያውቅ ሲቀር ግን ችግሩ የስልኩ ይመስለዋል፣ ስልኩን ለጠጋኝ ይሰጣል፣ ጠጋኙም ያገኘውን ይጭናል።

ሕጉ በዚህ ላይ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራ በማንኛውም መልኩ የተከለከለ መሆኑን ይደነግጋል። አንቀጽ 26 ደግሞ በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቃል፤ መብቱ የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ዝርዝር ሕግን ተከትሎ ብቻ ነው። የዕገዳው ትእዛዝ በጽሑፍ ለሕዝብ አልቀረበም፤ ስለዚህ የተከተለውን ዝርዝር ሕግ አንሥቶ መመርመርም ሆነ በፍርድ ቤት መሞገት ለተራ ደንበኛ የሚሆን አልነበረም። ኩባንያ ትእዛዙን ማሳወቁ ከጨዋነት ያለፈ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ነው፤ ያልታየ ወረቀት አይከሰስም።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው በመጋቢት 2016 ነው፤ ዕገዳው ከተነሣ ወራት በኋላ ማለት ነው። ከእንግዲህ አንድ ደንበኛ ስለ እሱ የተያዘውን መረጃ የመጠየቅ መብት አለው፤ መረጃ የሚይዝ ድርጅትም ከያዘበት ዓላማ ውጪ እንዳያውለው ይገደዳል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ጥሩ ሕግ ነው፤ ለብሔራዊ ደኅንነት የተተወው ክፍተት ግን ሰፊ ነው፤ እንደ የካቲቱ ያለ ጉዳይ ደግሞ ሁልጊዜ የሚስተናገደው በዚያ ክፍተት በኩል ነው። ተቀይሮ የተሠራውን ቴሌግራም የሠሩት ሰዎች ሀገር ውስጥ ስላልሆኑ አዋጁ በተግባር አይነካቸውም።

በሐምሌ 2015 አገልግሎቶቹ እንደተዘጉ ሁሉ ያለ ማብራሪያ ተከፈቱ። ነጋዴዋ የተቀየረውን አፕ አጥፍታ ዋናውን ቴሌግራም ጫነች፤ ከሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ እንዲወጣ አደረገች፤ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል አበጀች። አሁን ልብስ ለብሶ ፎቶ መላክን ትከለክላለች፤ ደንበኛ በሴንቲ ሜትር ለክታ ትጽፍላታለች፤ ሽያጯ በዚህ ምክንያት ቀንሷል ትላለች። ጥገና ቤቱ ውስጥ ግን ብዙ ስልክ ላይ ትንሿ ቁልፍ ዛሬም አለች፤ ሰው መጫኑን እንጂ ማጥፋቱን አይጠይቅም።

የአጋጁ ወገን መረጃስ? የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 24 ማንኛውም አገልግሎት ሰጪ የትራፊክ መረጃን፣ ማለትም ማን ከየት ወዴት መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መዝገብ፣ ይዞ እንዲያቆይ ያስገድዳል፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝም ለሌላ እንዳይገለጥ ይላል። አንቀጹ የቆይታውን ጊዜ ያስቀመጠው «ቢያንስ ለአንድ ዓመት» ብሎ ነው። የየካቲት 2015 መዝገብ በዚህ ስሌት እስከ የካቲት 2016 መጥፋት አይችልም ነበር፤ ከዚያ በኋላ መቼ መጥፋት እንዳለበት ግን አንቀጹ የወሰነው ቀን የለም። አዲሱ የመረጃ ጥበቃ አዋጅ መረጃ ከተፈለገበት ጊዜ በላይ እንዳይያዝ የሚለውን መርህ ስላመጣ፣ ሁለቱን አዋጆች አገናዝቦ ለቴሌኮም መዝገብ የመጨረሻ ቀን የሚቆርጥ መመሪያ ማውጣት የባለሥልጣኑ ሥራ ነው፤ ደንበኛውም በ09 ሆነ በ07 ቁጥሩ ስም የተያዘውን ከየኩባንያው በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል።